የሃያ ሰከንዱ ሰማያዊ ብርሃን

«ጋሼ፣ ይቺን ጥርስ ያስሞሏት መቼ ነው?» አለችኝ ሐኪሟ፣ ትንሿን መስታወት ከአፌ ሳታወጣ። አፌ በጥጥና በምራቅ መሳቢያ ቱቦ ተሞልቶ ስለነበር መልስ መስጠት አልቻልኩም። ሦስት ጣቴን አነሳሁ። ሦስት ዓመት።

በግራ በኩል ያለችው የታች መንጋጋዬ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ በነካት ቁጥር ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ሥር ይሰማኝ ነበር፤ ሳኝክም በቀኝ በኩል ብቻ ማኘክ ለምጄ ነበር። የተሞላችው ሌላ ክሊኒክ ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ወረፋው ረጅም ነበር። ሐኪሙ ሰማያዊዋን መብራት አፌ ውስጥ አስገብቶ ፊቱን ወደ ረዳቱ አዙሮ ሲያወራ ትዝ ይለኛል። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። እኔ የፈራሁት መርፌውንና መቦርቦሪያውን ነበር፤ መብራት ደግሞ ምን ያመጣል ብዬ።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ፣ በሌላ ወንበር ላይ ተጋድሜ፣ የድሮው ሙሌት እየተነሳ ነው። ሐኪሟ ላዩን ስትቦረቡረው ማሽኑ ድንጋይ እንዳገኘ ጮኸ። ትንሽ ዝቅ ስትል ድምፁ ተለወጠ። ማሽኑን አቁማ የእጅ መስታወት ሰጠችኝና የመመርመሪያዋን (የፕሮቧን) ሹል ጫፍ ሙሌቱ ሥር ላይ አሳረፈች። ጫፉ ሰም ውስጥ እንደሚገባ መርፌ ሰመጠ። «ይመልከቱ፤ ላዩ ደርቋል፣ ታቹ አልበሰለም» አለች። ልጅ ሆኜ እሳቱ በዝቶበት ላዩ ቀልቶ ሲቆረስ ውስጡ ሊጥ ሆኖ የተገኘ ድፎ ዳቦ ትዝ አለኝ። አፌ ውስጥ ይዤው የከረምኩት እንዲያ ያለ ዳቦ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለዚህ መብራት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ ሐኪሞችንም ስጠይቅ ከረምኩ። ሰው ጥርሱን ሲያስሞላ ስለ ዋጋው ይጠይቃል፣ ስለ ቀለሙ ይጠይቃል፣ ማደንዘዣው መቼ እንደሚለቅ ይጠይቃል። ስለ መብራቱ የሚጠይቅ አላየሁም። ሙሌቱ ጠጥሮ ዓመታት መኖሩ ወይም እንደኔው ሥሩ ሊጥ ሆኖ መቅረቱ የሚወሰነው ግን መብራቱ በሚበራባቸው ሃያ ሰከንዶች ውስጥ ነው። ጥርሱን ጨምድዶ ይዞ የሚስበው ኃይልም የሚወለደው እዚያው ነው።

ጥርስ መሰል ነጩ ሙሌት ኮምፖዚት ይባላል። ከቱቦው ሲወጣ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ፣ በስፓቱላ የሚቀረጽ ነገር ነው። ውስጡ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው በጣም የላመ የመስታወት ወይም የሲሊካ ዱቄት ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ዓይነቶች ከጠቅላላው ክብደት ከ70 እስከ 80 በመቶ ገደማ የሚይዘው እሱ ነው። ሁለተኛው ዱቄቱን አንድ ላይ የሚይዘው ሙጫ ነው። የዚህን ሙጫ መሠረት ያገኙት አሜሪካዊው ራፋኤል ቦወን ናቸው፤ ቢስ-ጂኤምኤ የተባለውን ሞለኪውል እ.ኤ.አ. በ1962 የባለቤትነት መብት አስመዝግበውበታል። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1955፣ ተመራማሪው ማይክል ቦኖኮሬ የጥርስን ኢናሜል በፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ ካሻከሩት ሙጫ አጥብቆ እንደሚይዘው አሳይተው ነበር። የዛሬው ነጭ ሙሌት የሁለቱ ሰዎች ሥራ ጋብቻ ነው ማለት ይቻላል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ ሙሌቱ የሚጠጥረው ሁለት ቅባቶችን በማደባለቅ ነበር። ሐኪሙ ከደባለቀ በኋላ ከሰዓት ጋር ሩጫ ነው፤ ቅርጹን ሳይጨርስ እጁ ላይ ሊደርቅ ይችላል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አልትራቫዮሌት ጨረር መጣ፤ ነገር ግን ጨረሩ ወደ ሙሌቱ ጥልቅ አይገባም፣ ለዓይንና ለቆዳም አይበጅም። በየካቲት 1976 በእንግሊዟ ማንቸስተር ዶክተር ሞሐመድ ባሲዩኒ በዓይን በሚታይ ብርሃን የሚጠጥር ሙሌት በሰው ጥርስ ላይ ሠሩ፤ የዛሬው አሠራር የተከተለው ያንን መንገድ ነው። ሐኪሙ ተረጋግቶ ይቀርጻል፣ በቃኝ ሲል ብቻ መብራቱን ያበራል።

ለምን ሰማያዊ? ሊጡ ውስጥ ካምፎርኪኖን የሚባል ቢጫ ዱቄት በጣም በጥቂቱ ተጨምሯል። ቢጫ የሆነው ሰማያዊን ብርሃን ስለሚውጥ ነው፤ አብልጦ የሚውጠው የሞገድ ርዝመቱ 468 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነውን ነው። ብርሃኑን ሲውጥ ይቀሰቀስና ከአጠገቡ ካለ ረዳት ሞለኪውል ጋር ተጋግዞ ነጻ ራዲካል የሚባለውን፣ ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያለውን ክፍል ይፈጥራል። ይህ ደግሞ አንዱን የሙጫ ሞለኪውል ይይዛል፣ የተያዘው ቀጣዩን ይይዛል፣ እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ ይጠላለፋል። ሐኪሟ ከፊቴ ላይ የደቀነችው ብርቱካናማ መከለያም ከዚሁ የመጣ ነው። ብርቱካናማ ቀለም ሰማያዊውን ስለሚያስቀር ዓይኗን ከጉዳት ይጠብቅላታል፤ ብርሃኑን ሳትሸሽ ጥርሱን ትኩር ብላ እንድታይም ያስችላታል።

ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ አፌ ውስጥ የነበረው ለምን አልበሰለም?

መልሱን ያየሁት ሥራ ካለቀ በኋላ ሐኪሟ በጠረጴዛዋ ላይ ስታሳየኝ ነው። ከነጭ ፕላስቲክ የተሠራች አጭር ቱቦ ወስዳ በኮምፖዚት ሞላቻት። መብራቱን አስነክታ ያዘችና ሃያ ሰከንድ ቆጠረች። ከዚያ ሙሌቱን ገፍታ አወጣችውና ያልጠጠረውን ከሥሩ በፕላስቲክ ስፓቱላ ፋቀችው። የቀረው ጠጣር በትር ከጣቴ ጥፍር ወርድ ያንስ ነበር። ሁለተኛዋን ቱቦ ስትሠራ መብራቱን የአውራ ጣት ስፋት ያህል አራቀችው፤ የቆጠረችው ያንኑ ሃያ ሰከንድ ነው። ስትፍቀው ብዙው እንደ ቅቤ ተነሳ። በእጄ ላይ የቀረችው ቁራጭ ከመጀመሪያዋ በጣም ታንሳለች፣ ላዩን ስነካው ግን ሁለቱም እኩል ጠጣር ናቸው። የሚያታልለው ይኸው ነው። ሐኪሙ በፕሮብ የሚነካው ላዩን ነው፣ ላዩ ደግሞ ሁልጊዜ ቶሎ ይደርቃል።

ይህ ፍቆ መለካት የእሷ ፈጠራ አይደለም፤ አይኤስኦ 4049 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የሚጠቀምበት ዘዴ ነው። ተፍቆ የቀረው ርዝመት ለሁለት ተካፍሎ፣ ግማሹ ብቻ በደህና የጠጠረ ተብሎ ይቆጠራል። ለመደበኛ ኮምፖዚት በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አይሞላም የሚባለውም ብርሃን ወደ ጥልቅ በሄደ ቁጥር በመስታወቱ ዱቄት እየተበተነ፣ በቀለሙም እየተዋጠ ስለሚደክም ነው። ጠቆር ያለ ቀለም ያለው ሙሌት ከነጣው የበለጠ ጊዜ የሚፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዋናው ሒሳብ ቀላል ነው። የመብራቱ ኃይል በጊዜው ሲባዛ ሙሌቱ የተቀበለውን ጉልበት ይሰጣል። በስኩዌር ሴንቲ ሜትር 400 ሚሊ ዋት የሚሰጥ መብራት 40 ሰከንድ ሲበራ 16 ጁል ይሆናል፤ 1000 ሚሊ ዋት የሚሰጠው በ20 ሰከንድ 20 ጁል ያደርሳል። ይህ ግን መብራቱ ጥርሱን ሲያስነካ ነው። ኋለኛ መንጋጋ ውስጥ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ላይ፣ የመብራቱ ጫፍ ከሙሌቱ ወለል 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ሊርቅ ይችላል፤ አንዳንድ መብራቶች በዚህ ርቀት ከኃይላቸው ግማሹንና ከዚያም በላይ ያጣሉ። ታማሚው አፉን በደንብ ካልከፈተና መብራቱ ከዘመመ ደግሞ አንደኛው ጥግ ጥላ ውስጥ ይቀራል። የእኔ ጥርስ ያልበሰለችበትም ጥግ የኋለኛው፣ ከጉንጬ የሚርቀው ጥግ ነበር።

በካናዳ ሃሊፋክስ፣ ዳልሁዚ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ሪቻርድ ፕራይስ ይህን ነገር የሕይወታቸው ሥራ አድርገውታል። በአሻንጉሊት ጭንቅላት ጥርሶች ውስጥ የብርሃን መለኪያ የተቀበረበት ማርክ የተባለ መሣሪያ አለ፤ ሐኪሙ እንደ ወትሮው ሙሌት እንደሚያደርቅ ሆኖ መብራቱን ይይዛል፣ ኮምፒዩተሩ ስንት ጁል እንደደረሰ ያሳያል። በዚህ መሣሪያ የተገኘው ነገር ዕረፍት ይነሳል። በአንድ ዓይነት መብራት፣ በአንድ ዓይነት ጥርስ ላይ፣ ለተመሳሳይ ሰከንድ የሠሩ ሰዎች ያደረሱት ጉልበት እጅግ የተራራቀ ነበር። ልዩነቱ እጃቸው ነው። አንዱ እያየ ያስተካክላል፣ ሌላው ፊቱን ያዞራል፣ የሌላው እጅ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። በጥቂት ልምምድ ብቻ ውጤታቸው በግልጽ መሻሻሉን ሳነብ ግን ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ዓይንን ከሥራው አለማንሳት ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ብርሃን አብዛ፣ ይጠጥራል። ችግሩ መጠጠርና መኮማተር አንድ ድርጊት መሆናቸው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነውና።

የገጠር ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። ጭቃው የሚሰነጠቀው ውኃው ስለሚተን ነው። ከኮምፖዚት ግን የሚተን ነገር የለም። የሚኮማተረው ሞለኪውሎቹ ስለሚቀራረቡ ነው። ሊጥ ሳለ እርስ በርሳቸው ሳይያያዙ ጎን ለጎን የተኮለኮሉ ናቸው፤ በመካከላቸው 0.3 ወይም 0.4 ናኖ ሜትር ያህል ርቀት አለ። ሰንሰለት ሲሆኑ ግን በእውነተኛ ኬሚካዊ ማሰሪያ ይያያዛሉ፣ ርቀታቸውም ወደ 0.15 ናኖ ሜትር ይወርዳል። ሜዳ ላይ ተራርቆ የቆመ ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ሲተቃቀፍ የያዘው ቦታ እንደሚጠብ ማለት ነው። እያንዳንዷ አዲስ ማሰሪያ ሙሌቱን ታጠነክራለች፣ እዚያው ላይ ታሳንሰዋለች። በደንብ ከጠጠረ በደንብ ይኮማተራል።

ስንት? ለብዙዎቹ ኮምፖዚቶች ከይዘታቸው 2 ወይም 3 በመቶ አካባቢ። ርዝመቱም ወርዱም ጥልቀቱም 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ብናስብ፣ 64 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ይይዛል፤ 3 በመቶው ወደ 2 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ጥቂት የጤፍ ፍሬዎች የሚያክል ቦታ ነው። ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ጥርስ የሚቦረቡሩት ባክቴሪያዎች በማይክሮ ሜትር የሚለኩ ናቸው፤ ለእነሱ በጣም ቀጭን ስንጥቅ እንኳ ሰፊ በር ነው።

ዱቄቱ የሚጨመረውም በከፊል ለዚህ ነው። ገበሬው ጭቃው ላይ ጭድ የሚጨምረው እንዳይሰነጠቅበት ነው፤ የመስታወቱ ዱቄትም ራሱ ስለማይኮማተር፣ በበዛ ቁጥር የሚኮማተረው ሙጫ ድርሻ ይቀንሳል። ቢስ-ጂኤምኤ ብቻውን እንደ ረጋ ማር ወፍራም ስለሆነ በቀጭን ሞለኪውሎች መቅጠን አለበት፣ ትናንሾቹ ሞለኪውሎች ደግሞ በአንድ ቦታ ላይ ብዙ ማሰሪያ ስለሚሠሩ ይበልጥ ያኮማትራሉ። ፈሰስ የሚለው ኮምፖዚት ለሥራ የሚመች ሆኖ ሳለ በአብዛኛው አብልጦ የሚኮማተረው ለዚህ ነው።

ሙሌቱ በነጻ ቢኮማተር ችግር አልነበረም። ግን ከጥርሱ ግድግዳዎች ጋር በማጣበቂያ ተጣብቋል። ሲጠብ ግድግዳዎቹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ይህ መሳሳብ የሚፈጥረውን ውጥረት ነው ጭንቀት የምለው። ይህን በግልጽ ያስቀመጡት የአምስተርዳሞቹ ተመራማሪዎች ፋይልዘር፣ ደ ኼ እና ዴቪድሰን ናቸው፤ በ1987 ሲ-ፋክተር የሚባለውን ሐሳብ አቀረቡ። ሙሌቱ የተጣበቀባቸውን ገጾች ነጻ ለሆኑት ገጾች ማካፈል ነው። ከላይ ብቻ የተከፈተ ባለአራት ግድግዳ ጉድጓድ ከነወለሉ አምስት የተጣበቁ ገጾች አሉት፣ ነጻው አንድ ብቻ፤ ሲ-ፋክተሩ 5 ይሆናል። የሙሌቱ የመላወሻ ቀዳዳ ያቺ አንዷ ገጽ ናት። የፊት ጥርስ ገጽ ላይ በስሱ የተለጠፈ ኮምፖዚት ግን ሰፊ ነጻ ገጽ ስላለው ጭንቀቱ ያነሰ ነው። ጭንቀቱ ከማጣበቂያው አቅም በላይ ሲሆን ሙሌቱ ከግድግዳው ይላቀቃል፤ ማጣበቂያው ካሸነፈ ደግሞ የኢናሜሉ ጠርዝ ይሰነጠቃል፣ ወይም የመንጋጋዋ ጉብታዎች በማይክሮ ሜትር የሚለካ መጠን ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ። አንዳንድ ሰው ጥርሱን አስሞልቶ ሲያኝክ ለቀናት የሚያመው አንዱ ምክንያት ይኸው መሳሳብ ነው።

ሙሌቱ ወደ ብርሃኑ ይኮማተራል የሚል እምነት በሐኪሞች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ነበር፤ እኔም ከአንድ ሐኪም ሰምቼዋለሁ። በ1998 ቨርስሉስ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ይህን በስሌት ሞዴል ፈትሸው አቅጣጫውን የሚወስነው ብርሃኑ የመጣበት ጎን ሳይሆን ሙሌቱ የተጣበቀበት ቦታና የጉድጓዱ ቅርጽ መሆኑን አሳይተዋል። መብራቱን ከጎን በመያዝ መኮማተሩን እመራዋለሁ ብሎ የሚያስብ ሐኪም የሚያገኘው ነገር ቢኖር የደከመ ብርሃን ነው።

ታዲያ ሐኪሙ ምን ያድርግ? ወተት ሲረጋ የምትመጣ አንዲት ቅጽበት አለች፤ ከዚያች በፊት ዕቃውን ብታዘነብሉት ይፈስሳል፣ ከዚያች በኋላ ይሰበራል እንጂ አይፈስስም። ኮምፖዚትም እንዲህ ያለች የመርጊያ ቅጽበት አለችው። ከዚያች በፊት ሲኮማተር፣ ከነጻው ገጽ ሊጥ እየፈሰሰ ጭንቀቱን ያስታግሳል፤ ካለፈች በኋላ የሚመጣው መኮማተር ሁሉ ጥርሱ ላይ ይቀመጣል። ኃይለኛ መብራት ቅጽበቷን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያመጣታል። ስለዚህ መጀመሪያ በደካማ ብርሃን ጀምሮ ቀስ በቀስ ማጠንከር የሚል ዘዴ ተፈጠረ፤ ብዙ መብራቶች ላይም ይህን የሚያደርግ ቁልፍ አለ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ጭንቀቱ ሲቀንስ ታይቷል። በታማሚዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ግን ወጥ የሆነ ጥቅም አልተገኘም። እንደኔ እምነት ዘዴው ክፋት የለውም፤ ጠቅላላው ጉልበት እስካልጎደለ ድረስ።

ይህን የምለው አንድ አደገኛ ሐሳብ ስላለ ነው። መኮማተሩን ለመቀነስ ጊዜውን ማሳጠር! በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ ያልበሰለ ሙሌት ብዙ አይኮማተርም፣ ጥርሱንም አይስብም። የእኔ ጥርስ ውስጥ የነበረው ሊጥም አልተኮማተረም ነበር። ግን ያላለቀ ሙጫ ውኃ ይጠጣል፣ ቀለም ይቀይራል፣ ቶሎ ይበላል፣ ያልተያያዙት ሞለኪውሎቹም ቀስ እያሉ ወደ ምራቅና ወደ ጥርሱ ውስጠኛ ክፍል ይወጣሉ። በደንብ የበሰለ ሙሌት እንኳ ከማሰሪያዎቹ የሚያያያዘው ከ50 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው፤ ከዚያ ላይ የሚቀነስ ትርፍ የለም።

በረጅም ልምድ የጸና መንገድ በንብርብር መሙላት ነው። ሐኪሟ ከእኔ ጥርስ ላይ የበሰበሰውን አውጥታ፣ አሲዱን ቀብታ፣ አጥባ፣ ማጣበቂያውን ካደረቀች በኋላ የመጀመሪያውን ቁራሽ አንዱን ግድግዳ ብቻ አስነክታ አስቀመጠችው። ለምን በአንዴ ሁለቱንም እንደማትሞላ ኋላ ስጠይቃት «ሁለቱን ግድግዳ አንድ ላይ እንዲስብ አልፈልግም፤ አንዱን ይዞ ይኮማተር፣ የጎደለውን ቀጣዩ ይሞላዋል» አለችኝ። በ4 ሚሊ ሜትር ውፍረት በአንዴ የሚሞሉ፣ ብርሃን ይበልጥ የሚያሳልፉና ጭንቀታቸው የተቀነሰ አዳዲስ ኮምፖዚቶችም አሉ፤ ለጥልቅ ጉድጓድ ጊዜ ይቆጥባሉ። እነሱም ቢሆኑ ብርሃኑ ካልደረሳቸው ከአሮጌው አይሻሉም። በ2007 የወጣው ሲሎሬን የሚባለው ሌላ ዓይነት ሙጫ ሞለኪውሎቹ ሲያያዙ ቀለበታቸው ስለሚፈታ መኮማተሩ ከ1 በመቶ በታች ወርዶ ነበር፤ ሆኖም ገበያው ላይ አልቆየም።

ብርሃን ያበዛ ሁሉ ግን አያተርፍም። ብርሃኑ ሙቀት ይዞ ይመጣል፣ መጠጠሩም ራሱ ሙቀት ያወጣል። ዛክ እና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 በዝንጀሮዎች ጥርስ ላይ በሠሩት ሥራ የጥርሱ ነርቭ ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጨምር ከጥርሶቹ 15 በመቶው ነርቭ ሳያገግም ሞቷል። ስለዚህ ጉድጓዱ ጥልቅ ሲሆን ሐኪሟ በንብርብሮቹ መካከል መብራቱን አጥፍታ አየር ትነፋለች።

የመብራቱን ጤንነት መጠበቅም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የድሮው ሃሎጂን አምፖል እያረጀ ሲሄድ ለዓይን ያው ሰማያዊ ነው፤ ኃይሉ ግን ይወርዳል። አሁን በብዛት ያለው ኤልኢዲ ነው፤ ሚልስ የተባሉ ተመራማሪ በ1995 ለጥርስ ሥራ እንዲውል ሐሳብ ያቀረቡበት ሰማያዊ ኤልኢዲ ሠሪዎቹን አካሳኪን፣ አማኖንና ናካሙራን በ2014 የፊዚክስ ኖቤል አሸልሟል። በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቋረጥም፤ ለእኛ ሀገር ክሊኒክ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን የመብራቱ ጫፍ ላይ የደረቀ የኮምፖዚት ቁራጭ ቢለጠፍ፣ ወይም መከላከያ ላስቲኩ ቢጨማደድ፣ ብርሃኑ ይታፈናል።

ሦስት ንብርብር ገባ። በእያንዳንዱ ላይ ሐኪሟ በግራ እጇ ጣቶች መንጋጋዬን ደግፋ፣ የመብራቱን ጫፍ ጥርሱ ላይ አሳርፋ፣ በብርቱካናማው መከለያ በኩል ትኩር ብላ ሃያ ሰከንድ ሙሉ አልተንቀሳቀሰችም። ረዳቷ አንድ ነገር ልትጠይቃት ጠራቻት። «ቆይ» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። መብራቱ ሲጠፋ ነው ቀና ያለችው።

ስነሳ «ብርሃኑ ቢጠፋም የጀመረው መያያዝ እስከ ነገ ይቀጥላል፤ ዛሬ ቆሎ በዚህ በኩል አያኝኩ» አለችኝ። በሩ ላይ እናቱን ይዞ የቆመ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ይጠብቃል። ሐኪሟ የመብራቱን ጫፍ በጨርቅ ጠረገች፣ ወደ መስኮቱ ይዛ አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ ወደ ረዳቷ ዞረች።

«ላይቱን ለኪልኝ።»

ረዳቷ ጫፉን ትንሿ መለኪያ ላይ አሳረፈች። 1100 አለ። ልጁ ወንበሩ ላይ ወጣ።